በጓሮ ሎሚና ብርቱካን ላይ ስለሚወድቁ ተባዮች አጭር ትምህርት

በየግቢው የተተከለ ሎሚና ብርቱካን ለፍሬ እስኪደርስ ድረስ የብዙ ዓመት ትዕግሥት ይጠይቃል። ቅጠሉ በጠቈረና በተኰማተረ ጊዜ ባለቤቱ ቸኵሎ ቢቈርጠው፥ ወይም ጠባዩን የማያውቀውን መርዝ ገዝቶ ቢረጨው፥ ጉዳቱ ተባዩ ካደረሰው ይልቅ የከፋ ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሞ ጠላትን ለይቶ ማወቅ ይገባል።

በለጋው ቀንበጥ ላይ ተጠጋግተው የሚታዩት አረንጓዴ ወይም ጥቁር ጥቃቅን ነፍሳት ክሽክሽ ይባላሉ። በቅጠሉ ጀርባና በቅርንጫፉ ላይ እንደ ቅርፊት ተለጥፈው የማይንቀሳቀሱት፥ በጥፍር ሲፋቁ ግን የሚነሡት ደግሞ ቅርፊት ለበስ ተባዮች ናቸው። ሁለቱም የተክሉን ፈሳሽ ይመጥጣሉ። አብዛኛዎቹም ማር የመሰለ አጣባቂ ነገር ያወጣሉ፤ በዚያም ላይ ጥቀርሻ መሰል ሻጋታ ይበቅላል። እንግዲህ ጥቍረቱ የተባዩ ምልክት እንጂ ዋናው በሽታ አይደለም። ጉንዳን ወደ ተክሉ ሲመላለስ ቢታይ ይህን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነው፤ ስለ ጥቅሙም ተባዮቹን ከጠላቶቻቸው ይጠብቃል።

ሕክምናው እንደሚከተለው ነው፤

1ኛ/ እጅግ የተጠቃውን ቅርንጫፍ ቈርጦ ማቃጠል።

2ኛ/ 100 ግራም የገላ ሳሙና ፍቆ በ10 ሊትር ውሃ ማሟሟትና በአንድ ቅርንጫፍ ላይ መሞከር፤ ቅጠሉ ካልተቃጠለ በማለዳ ወይም በማታ የቅጠሉን ጀርባ ጭምር ማራስ። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለ ሆነ በየሳምንቱ መድገም ያስፈልጋል።

3ኛ/ መሬት የነካውን ቅርንጫፍ መግረዝ፤ ጉንዳን መሰላል እንዳያገኝ።

ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ግን መግደል አይገባም፤ እርስዋም ልጆችዋም ተባይ በሊታ ናቸው። በካሊፎርኒያ ነጭ ጥጥ መሰል ተባይ የብርቱካን እርሻውን ሊያጠፋው በተቃረበ ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. በ1888 አልበርት ኮበለ ከአውስትራልያ የላካቸው ጥንዚዛዎች ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ አሸነፉት። በ1940ዎቹ ዓመታት ዲዲቲ በተረጨባቸው ስፍራዎች ግን ጥንዚዛዎቹ ስላለቁ ተባዩ ተመልሶ መጣ።

ተባይ ያለበት ችግኝ ከግቢ ወደ ግቢ ሲተላለፍ የአንዱ ጉዳት የሰፈሩ ሁሉ ይሆናል። ስለዚህ ችግኝ የሚገዛም የሚያከፋፍልም፥ ሹምም ቢሆን ባለ ርስት፥ አስቀድሞ የቅጠሉን ጀርባ ገልብጦ ይመልከት።