ቃር፦ ችግሩ ከአሲዱ ነው ወይስ ከበሩ?

ከእራት በኋላ ጋደም ሲሉ ከደረት አጥንት ሥር ተነሥቶ እስከ ጉሮሮ የሚዘልቅ የማቃጠል ስሜት ገጥሞዎት ያውቃል? ይህ ስሜት ቃር ይባላል። ብዙዎች መንስኤው የአሲድ መብዛት ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ በአብዛኛው ችግሩ የአሲዱ መጠን ሳይሆን አሲዱ የሚገኝበት ቦታ ነው።

ጨጓራ ምግብን ለመፍጨትና ተሕዋስያንን ለመግደል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያመነጫል። በባዶ ጨጓራ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ፒኤች 2 ገደማ ሲሆን የምግብ ቧንቧ ግን 7 አካባቢ ነው። የፒኤች መለኪያ በየእርከኑ በ10 እጥፍ ስለሚለያይ በሁለቱ መካከል ያለው የአሲድነት ልዩነት 100,000 እጥፍ ይደርሳል። ጨጓራ በዝልግልግ ሽፋን ራሱን ይከላከላል፤ የምግብ ቧንቧ ግን ይህን ያህል መከላከያ የለውም። ሁለቱን የሚለየው በቧንቧው ታችኛ ጫፍ ያለ ቀለበት መሰል ጡንቻ ነው። ይህ በር ሲላላ ወይም በሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ሲያይል አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል።

እንግዲህ ጥንቃቄው ሁሉ ከዚህ በር ይነሣል። ጨጓራ ከመጠን በላይ ሲሞላ በሩ ስለሚላላ አነስ አነስ አድርጎ መመገብ ይመረጣል። ቅባት የበዛበት ምግብ፣ አልኮልና ሲጋራም ጡንቻውን ያላላሉ። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ግፊቱን ስለሚጨምር ክብደት መቀነስ ይረዳል። ቡናና ሚጥሚጣ ግን ሁሉንም ሰው እኩል አይጎዱም፤ ስለዚህ የበሉትንና የተሰማዎትን ለሁለት ሳምንት መዝግበው የሚቀሰቅስብዎትን ይለዩ።

ቀጥ ብለን ስንቀመጥ የመሬት ስበት አሲዱን ወደ ታች ይይዘዋል፤ ስንጋደም ይህ እገዛ ይቀራል። በመሆኑም እስከ እኩለ ሌሊት አጥንቶ፣ እራት በልቶ ወዲያው መተኛት ለቃር ያጋልጣል። በእራትና በመኝታ መካከል 3 ሰዓት ያህል ይቆዩ። የአልጋውን የራስጌ እግሮች ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግም ይጠቅማል፤ ትራስ መደራረብ ግን ሆድን አጥፎ ግፊቱን ሊያባብስ ይችላል። በግራ ጎን መተኛት ከቀኝ ይሻላል።

በመጨረሻም ቃርንና የጨጓራ ቁስለትን መለየት ያስፈልጋል። በርካታ ቁስለቶች የሚመጡት ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ከተባለ ባክቴሪያ ሲሆን፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ለዚህ ግኝታቸው በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ይህ በአመጋገብ ሳይሆን በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይድናል። ምግብ ለመዋጥ መቸገር፣ ደም ማስታወክ፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ያለምክንያት መክሳት ከታየ ሐኪም ማማከር ግድ ነው። ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሠራጭ የደረት ሕመም ደግሞ የልብ ሊሆን ስለሚችል፣ ቃር ነው ብሎ ሳይዘናጉ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና መሄድ ይገባል።