ክረምቱ ሲከዳ፦ የድርቅን መንስኤ ከካርታ ላይ ደረጃ በደረጃ ማውጣት

ዝናብ በጠፋ ቁጥር «ኤልኒኖ ነው» የሚለው መልስ ቶሎ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም እውነት አለው። ነገር ግን የሚሞቀው የማዕከላዊ ሰላማዊ ውቅያኖስ ከወሎ የሚርቀው የምድርን ዙሪያ ግማሽ ያህል ነው። በመሃል ያለው አየር ምን እንደሠራ ካላሳየን ስሙን ጠራን እንጂ መንስኤውን አላገኘንም። ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ ለጀማሪ የትንበያ ባለሙያና ለሜትዎሮሎጂ ተማሪ የታሰበ ነው። ምሳሌያችን የ2007 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ፈላጊ እንዲሆን ያደረገው። ዓለም አቀፍ መረጃዎቹ የሚመዘገቡት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆነ ከዚህ በኋላ 2015 እያልን እንቀጥላለን።

ደረጃ 1፦ የጎደለው ምን፣ የትና መቼ እንደሆነ ይወስኑ

«የኢትዮጵያ ዝናብ ቀነሰ» ብሎ ምርመራ አይጀመርም። የሰሜን ምሥራቁና የመሃል አገሩ ዋና ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ቦረናና የሶማሌ ክልል ደቡባዊ ቆላ ግን በእነዚያው ወራት ደረቅ ናቸው፤ ዝናባቸው በሚያዝያ አካባቢና በጥቅምት–ኅዳር ነው። ሁለቱን በአንድ አማካይ ከደባለቁ የአንዱ ጉድለት በሌላው ይሸፈናል።

ቺርፕስ የተባለው የሳተላይትና የጣቢያ መረጃ ድብልቅ ከ1981 ጀምሮ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝርዝር አለው። የወቅቱን ዝናብ ከ1991–2020 አማካይ ጋር ያነጻጽሩና ያገኙትን በቅርብ ካለ የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ጋር ያመሳክሩ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ በኋላ የሚጸጸተውም እሱ ነው። በ2015 ጉድለቱ የከበደው በአፋር፣ በሲቲ ዞን፣ በምሥራቅ አማራ፣ በደቡብ ትግራይና በሐረርጌ ነበር፤ ምዕራቡ ያን ያህል አልተጎዳም። መላ አገሪቱን የሚያደርቅ መንስኤ ይዞ የሚመጣ ሰው ምዕራቡ ለምን እንደተረፈ መመለስ አለበት።

ደረጃ 2፦ ቀርፋፋውን ከፈጣኑ ይለዩ

የወር ድምር ብዙ ነገር ይደብቃል። የየቀኑን ዝናብ በመስመር ያውጡና ይመልከቱ። ደረቁ ጊዜ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ከተመለሰ ምናልባት በ30–60 ቀን የሐሩር ክልልን የሚዞረው የማደን–ጁልያን ሞገድ አልፎ ይሆናል። ከሰኔ እስከ መስከረም ሳይላቀቅ ከዘለቀ ግን ቀስ ብሎ የሚለወጥ ነገር ከኋላው አለ ማለት ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የባሕር ሙቀት ነው። የ2015ቱ ከሁለተኛው ወገን ነው።

ደረጃ 3፦ አየሩን ከታች ወደ ላይ ያንብቡ

ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። ከአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል የሚገኘው ኢአርኤ5 ከ1940 ጀምሮ ያለውን ከባቢ አየር በየሰዓቱ፣ በ31 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝርዝር ይሰጣል፤ ለማንም ክፍት ነው። በ850፣ በ700፣ በ500 እና በ200 ሄክቶፓስካል የነፋስ ካርታ ያውጡ፤ አንዱን የወቅቱን፣ ሌላውን ከአማካዩ ያለውን ልዩነት።

መማሪያ መጻሕፍት ለዝቅተኛው ነፋስ የ850 ካርታ እንድናይ ያዙናል። ይህ ከፍታ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ግፊቷ 770 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው። ስለዚህ በደጋው ላይ የሚታየው የ850 ነፋስ ከመሬት በታች ነው፤ ኮምፒውተሩ ቀዳዳ ለመሙላት ያሰላው እንጂ የነፈሰ አየር አይደለም። ለደጋው 700ን ይጠቀሙ። 850ን የሶማሊያ ጄት ለሚባለው ዝቅተኛ ነፋስና ለሱዳን ሜዳ ያቆዩት።

ከዚያ ወደ ላይ ይውጡ። በክረምት ከሕንድ በላይ ተነስቶ በአፍሪካ ቀንድ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ብርቱ ነፋስ አለ፤ የሐሩር ክልል የምሥራቅ ጄት ይባላል፤ ከ100 እስከ 200 ሄክቶፓስካል ባለው ከፍታ ይገኛል። ለደጋው ዝናብ የሚሰጠው ጥቅም የጭስ ማውጫ ለምድጃ የሚሰጠው ዓይነት ነው፤ ከላይ አየሩን እየበተነ ከታች ያለው እንዲወጣ ያደርጋል። በ2015 ክረምት ይህ ጄት ደክሞ ነበር።

የልዩነቱን ካርታ ሲያነቡ ይጠንቀቁ። በ200 ሄክቶፓስካል ካርታ ላይ ከቀንዱ በላይ ቀስቶቹ ወደ ምሥራቅ ሲያመለክቱ ያያሉ፤ ብዙ ተማሪም «ነፋሱ ከምዕራብ ነፈሰ» ብሎ ይጽፋል። አልነፈሰም። ነፋሱ ያው የምሥራቅ ነው፤ ፍጥነቱ ስለቀነሰ ብቻ ልዩነቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሳላል። ሙሉውን ካርታ ከልዩነቱ ጎን ካላስቀመጡ ይህ ስሕተት ሳይያዝ ያልፋል።

ደረጃ 4፦ የጠፋው እርጥበት ነው ወይስ ማንሻ?

ዝናብ ሁለቱንም ይፈልጋል። በአየሩ ውስጥ ያለውን ጠቅላላ የውሃ ተን እና የእርጥበቱን ጉዞ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከኮንጎ አቅጣጫና ከቀይ ባሕር በኩል ይለኩ። ቀጥሎ በ500 ሄክቶፓስካል ያለውን የአየር መውጣትና መውረድ ይመልከቱ። ይህ የሚለካው በግፊት ለውጥ ስለሆነ ምልክቱ ይገለበጣል፤ ፖዘቲቭ ቁጥር አየሩ እየወረደ ነው፣ ነጌቲቭ ቁጥር እየወጣ ነው ማለት ነው። ተኑ ከመደበኛው ብዙም ሳይርቅ አየሩ እየወረደ ከሆነ ደመናው የቀረው ውሃ አጥቶ ሳይሆን የሚያነሣው አጥቶ ነው፤ ፍለጋውም ወደ ላይኛው አየር ያመራል። በተቃራኒው ተኑ ራሱ ከጎደለ ወደ ምንጩ ባሕርና ወደ ዝቅተኛው ነፋስ ይሂዱ።

ደረጃ 5፦ ሰንሰለቱን አያይዘው እያንዳንዱን ማያያዣ ይፈትኑ

አሁን ወደ ባሕር መሄድ ይቻላል፤ ከዚህ በፊት ግን አይደለም። የ2015 ሰንሰለት እንዲህ ይጻፋል፦ የማዕከላዊና ምሥራቃዊ ሰላማዊ ውቅያኖስ ሞቀ፤ ከኢንዶኔዥያ በላይ ይቆለል የነበረው ደመና ወደ ምሥራቅ ሸሸ፤ የዎከር ዑደት የሚባለው በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የሚዞረው የምሥራቅ–ምዕራብ የአየር ዑደት ላላ፤ የሕንድ ዝናብ ደከመ፤ ከዚያ የሚለቀቀው ሙቀት ሲቀንስ የምሥራቁ ጄት ዛለ፤ በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ አየሩ ወረደ።

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የራሱ ማስረጃና የራሱ ቀን ያስፈልገዋል። ኒኞ 3.4 በሚባለው የባሕር ክፍል ሙቀቱ ከመደበኛው በሰኔ–ነሐሴ 1.5 ዲግሪ ገደማ፣ በዓመቱ መጨረሻ 2.6 ገደማ በላይ ነበር። የሕንድ የ2015 ዝናብ የረጅም ጊዜ አማካዩ 86 በመቶ ብቻ ነበር። ቀኖቹ በቅደም ተከተል ይሄዳሉ፣ ሰንሰለቱም ለክረምቱ ይይዛል። ለበልጉ ግን አይይዝም። የ2015 በልግም በምሥራቁ ተጎድቶ ነበር፤ በየካቲትና በመጋቢት ግን ውቅያኖሱ ገና መሞቅ መጀመሩ ነበር። በልጉንና ክረምቱን በአንድ መንስኤ ጠቅልሎ ማቅረብ ለዘገባ ይመቻል፤ ለእኔ ግን አያሳምነኝም።

ደረጃ 6፦ መልስዎን ለማፍረስ ይሞክሩ

ሁለት ዓመታት ለዚህ ይበቃሉ። በ1997 ኤልኒኖው እጅግ ብርቱ ነበር፤ የሕንድ ዝናብ ግን የአማካዩን 102 በመቶ አገኘ። በዚያ ዓመት የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ሞቆ ምሥራቃዊው ቀዝቅዞ ነበርና የሰላማዊውን ጫና እንዳለዘበው ይታመናል። ስለዚህ የሰንሰለቱ መካከለኛ ማያያዣ ሁልጊዜ አይያዝም።

ሌላው 1984 ነው። በእኛ አቆጣጠር የ77ቱን ረሃብ ያባባሰው የዚያ ዓመት ክረምት መክሸፍ ነበር፤ የ1982–83 ኤልኒኖ ግን አልፎ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻም ሰላማዊ ውቅያኖስ ወደ ላኒና አዘንብሏል። ሞቆ የነበረው የአትላንቲክ ሐሩር ክልል ነው፤ የሳህል ዝናብም በዚያው ዓመት ወድቋል። ያለ ኤልኒኖ የከፋ ድርቅ መምጣት ከቻለ፣ በኤልኒኖ ዓመት የመጣውን ድርቅም ሳይመረምሩ ለእሱ መስጠት አይቻልም።

ኮምፒውተር ያለው ሰው የከባቢ አየር ሞዴል ሁለት ጊዜ ያስኬዳል። መጀመሪያ የ2015ን የባሕር ሙቀት እንዳለ ይሰጠዋል፤ ሁለተኛ ሰላማዊ ውቅያኖስን ብቻ ወደ አማካዩ ይመልሳል። ድርቁ በሁለተኛው ሙከራ ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኘ። አየሩ በባሕሪው ተለዋዋጭ ነውና እያንዳንዱን ሙከራ መነሻውን በጥቂቱ እየቀየሩ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ይድገሙት። ሞዴል የሌለው የኤልኒኖ ዓመታትን አማካይ ይወስዳል፤ ነገር ግን ከ1981 ወዲህ እጅግ ብርቱ የሚባሉት 1982፣ 1997 እና 2015 ናቸው። በሦስት ዓመት አማካይ ብዙ መኩራራት አይገባም።

ደረጃ 7፦ ሲጽፉ

በመጀመሪያው ገጽ ሰንሰለቱን ከነቀኖቹ ያስቀምጡ። ያልያዘ ማያያዣ ካለ አይሰርዙት፤ በጽሑፉ ውስጥ እንዳለ ይቆይ። ጉድለቱ ለአንድ መንስኤ ሙሉ በሙሉ እንደማይሰጥ በግልጽ ይናገሩ፤ አየሩ በራሱ የሚያመጣው ከፍና ዝቅ ምንጊዜም ድርሻ አለው።

የአንዱን ወቅት ድምዳሜ ወደ ሌላው አያሻግሩ። በጥቅምት 2015 ያው ኤልኒኖ ከሞቀው የሕንድ ውቅያኖስ ጋር ሆኖ በደቡብ ምሥራቁ ቆላ በርካታ ቦታዎች ዝናብ አመጣ፤ ጎርፍም ነበር። መስከረም ሲያልቅ የክረምቱን ካርታዎች አጣጥፈው ምርመራውን እንደገና ከደረጃ 1 ይጀምሩ፤ ወራቱ ሌሎች፣ ክልሉም ሌላ ነው፤ የምሥራቁ ጄትም በዚያን ጊዜ ከሰማዩ ላይ የለም።