እናታችሁን በሞተር ወደ ህክምና ስታመጡ፦ ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው መደረግ ያለባቸው ነገሮች

 

ዛሬ ብዙ ሰው የጤና ጉዳይ ነው ብሎ የማያስበውን ነገር እናያለን፦ ከሞተር ሳይክል ኋላ የሚቀመጥ ሰው ምቾት። «ዶክተር፣ ይሄ የመካኒክ ስራ አይደለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ግን በላሊበላና በላስታ ዙሪያ የደም ግፊት፣ የስኳርና የአስም ክትትል ያላቸው እናቶችና አባቶች ቀጠሮ ከሚቀሩባቸው ምክንያቶች አንዱ መንገዱ ነው። «መድኃኒቱስ አልከበደኝም ልጄ፣ ሞተሩ ነው ወገቤን የሰበረው» ይላሉ። ቀጠሮ ሲቀር መድኃኒት ያልቃል። የግፊት መድኃኒት ሲቋረጥ ደግሞ ግፊቱ ምንም ሳያሳምም ይወጣና ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ከኋላ ያለውን መቀመጫ ማስተካከልም ህክምና ነው።

ለምን ከኋላ ያለው ሰው ይበልጥ ይጎዳል?

ላሊበላ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ዳገቱ፣ ቁልቁለቱ፣ ኮረኮንቹና ብርዱ አንድ ላይ ነው የሚመጣው። ነጂው ጉድጓዱን ቀድሞ ያየዋል፣ መሪ ይዟል፣ እግሩን ረግጦ ከመቀመጫው ከፍ ይላል። ከኋላ ያሉት እናት ግን ጉድጓዱን አያዩትም፤ የተቀመጡትም ከኋላ ጎማው በላይ ነው ማለት ይቻላል። ጎማው ሲዘል ምቱ በቀጥታ ጭራ አጥንታቸው ላይና ወገባቸው ላይ ያርፋል። አጥንታቸው የሳሳ አረጋውያን ሳይወድቁ እንኳ በእንዲህ ያለ ምት የጀርባ አጥንታቸው ሊሰበር ይችላል።

1. ከመነሳታችሁ በፊት፦ ሞተር የማይሆናቸው ሰዎች

እነዚህ ሰዎች በሞተር አይጫኑ፦
- ምጥ የጀመራት፣ ደም የሚፈሳት፣ ወይም ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ያላት ነፍሰ ጡር
- ራሱን የሳተ፣ የሚወላገድ፣ የደረት ህመም ወይም ድንገተኛ የአካል መዛል ያለበት
- ወድቆ ዳሌው፣ አንገቱ ወይም ጀርባው ተሰብሯል ተብሎ የሚጠረጠር
- እግሩ መርገጫው ላይ የማይደርስ ህፃን

ለእነዚህ በቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በኩል አምቡላንስ አስጠሩ። መኪና የማይገባበት ቦታ ከሆነ የአባቶቻችን ቃሬዛ ከሞተር ይሻላል፤ በሽተኛው ተጋድሞ፣ ሳይንገጫገጭ መኪናው ጋ ይደርሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው እንዳይወድቅ ተብሎ በነጠላ ወይም በገመድ ከነጂው ጋር ሲታሰር ይታያል። ካልታሰረ መቀመጥ የማይችል ሰው ሞተር አይሆነውም፤ ሞተሩ ከወደቀ ሁለቱም ተያይዘው ነው የሚወድቁት። ባጃጅ ወይም መኪና ፈልጉለት።

2. ሞተሩን አዘጋጁ

ጎማና ሞላ፦ ብቻውን የሚነዳ ሰው ያስተካከለው ሞተር ለሁለት ሰው አይሆንም። የጎማውን ነፋስ ሞተሩ ላይ በተለጠፈው ወይም መመሪያው ላይ በተጻፈው የሁለት ሰው ልክ ጎሚስታ ጋ አስሞሉ። የኋላው ሞላ ደረጃ ካለው መካኒኩ ለሁለት ሰው ያጠንክርላችሁ። ሞላው ከላላ ጉድጓድ ላይ እስከ መጨረሻው ይወርድና ብረት ከብረት ይጋጫል። ያንን ምት ወገብ ነው የሚቀበለው።

መቀመጫ፦ በጣም ለስላሳ ስፖንጅ ጥሩ ይመስላል፤ ግን ትንሽ እንደሄዳችሁ ይጨፈለቅና አጥንት ከብረት ያገናኛል። ጠንከር ያለ፣ ሁለት ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ስፖንጅ አሰፉ። ጋቢ አጥፋችሁ የምታነጥፉ ከሆነ በደንብ እሰሩት፤ የሚንሸራተት ጋቢ ሰውም ይዞ ይንሸራተታል።

የእግር መርገጫ፦ ሁለቱም መኖራቸውን፣ በደንብ መዘርጋታቸውንና ላስቲካቸው አለማለቁን እዩ። እግር ከተንጠለጠለ ክብደቱ ሁሉ ወገብ ላይ ነው የሚያርፈው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ጉልበት በጣም ሲታጠፍ ህመሙ ይብሳል፤ መርገጫውን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ከተቻለ ትልቅ እፎይታ ነው።

መያዣ፦ ከኋላ የብረት መያዣ ያስፈልጋል። ዕቃ መጫኛው ላይ ትንሽ መደገፊያ ቢበየድ ደግሞ ዳገት ላይ ወደ ኋላ የመንሸራተት ስጋቱ ይቀንሳል።

የጎማ መከላከያ፦ የህንድ ህግ ሞተር ሳይክሎች የተሳፋሪ መያዣ፣ የእግር መርገጫና ልብስ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ የሚከላከል ሽፋን እንዲኖራቸው ያስገድዳል፤ እዚያ ብዙ ሴቶች ሳሪ ለብሰው ስለሚሳፈሩ ነው። እኛም ጋ ቀሚስና ነጠላ አለ። ሞተራችሁ ላይ ይሄ ሽፋን ካለ «አያምርም» ብላችሁ አትፍቱት። ከሌለ አሰሩለት።

3. አለባበስ

- ነጠላ ትከሻ ላይ ተጥሎ አይሄድም። ጫፉ ጎማ ውስጥ ከገባ በቅጽበት አንገት ያንቃል። እናታችሁ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገው ጫፉን ይሸጉጡት፤ ወይም ጭራሽ ቦርሳ ውስጥ ይግባ።
- ከቀሚስ ስር ሱሪ ቢለብሱ አንፈራጠው መቀመጥ ይችላሉ። በጎን መቀመጥ ሚዛን ያሳጣል፤ ኮረኮንች ላይ ደግሞ ይብሳል።
- ሄልሜት ለነጂው ብቻ አይደለም። ብዙ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ሄልሜት የሞት አደጋን 42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ 69 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ማሰሪያው ካልታሰረ ግን ከባርኔጣ አይለይም። ስስ ሻሽ ችግር የለውም፤ ከኋላ የተቋጠረ ወፍራም ፀጉር ግን ይፈታ። ጥምጥም ያላቸውን አባቶች በአክብሮት ጠይቋቸው፤ ጥምጥሙ በንጹህ ከረጢት ይያዝላቸው፣ ሲደርሱ ያደርጉታል።
- ዱላ፣ መቋሚያ ወይም ክራንች በእጅ አግድም አይያዝም። በሞተሩ ርዝመት ልክ ከጎን ይታሰር። ዣንጥላም አይዘረጋም።
- ጠዋት ስትነሱ ብርዱን አትናቁት። ጉልበትና ደረት ይሸፈን። አስም ያለበት ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ የሚነፋው መድኃኒት ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ ይሁን።

4. አወጣጥና አወራረድ

ብዙ ሰው የሚወድቀው መንገድ ላይ ብቻ አይደለም፤ ሲወጣና ሲወርድም ነው። እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. ሞተሩን ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከመደብ ወይም ከጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ አቁሙ። በርጩማም ይሆናል።
ለ. ነጂው ቀድሞ ይቀመጥ፤ ሁለቱንም እግሩን መሬት ይርገጥ፣ ፍሬን ይያዝ።
ሐ. ተሳፋሪው በግራ በኩል ይውጣ። በአብዛኞቹ ሞተሮች ማርሚታው በቀኝ ስለሆነ የእግር ቃጠሎ የሚመጣው በዚያ ነው።
መ. የነጂውን ትከሻ ይዞ፣ መደቡ ላይ ቆሞ እግሩን ያሻግር። እግር ማንሳት የሚቸግረው ከሆነ ሌላ ሰው ይደግፈው።
ሠ. «ተመቻችቻለሁ» ሳይል ሞተሩ አይንቀሳቀስ።

ስትደርሱ አረጋውያንን ወዲያው አታስነሱ። ከወረዱ በኋላ ትንሽ ይቀመጡ። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድንገት ሲቆም ሊያዞረው ይችላል።

5. መንገድ ላይ

ቀስ በሉ። ቁልቁለት ላይ ቀድማችሁ ማርሽ ቀንሱ፤ ድንገተኛ ፍሬን ተሳፋሪውን ጀርባችሁ ላይ ይጥለዋል። ጉድጓድ ስታዩ «ያዙ!» በሉ፤ ማየት ለተሳነው ሰው ደግሞ መታጠፊያውንም ንገሩት። መስማት ለተሳነው በእጅ ነካ ማድረግን ምልክት አድርጉ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙበት። በየ20 እና 30 ደቂቃው ቁሙ፣ ወርደው ይንቀሳቀሱ። ጋሸና 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚኬድ አይደለም። ሦስት ሰው መጫን ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም።

6. መድኃኒትን በተመለከተ

ሽንት የሚያሸና የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች የጉዞ ቀን «ያስቸግረኛል» ብለው ይተዉታል። አትተዉት፤ ሰዓቱን እንድናስተካክልላችሁ ጠይቁን። ስኳር ያለበት ሰው ሳይበላ አይሳፈር፣ ከረሜላም ኪሱ ይያዝ። ኢንሱሊን ማርሚታው አጠገብ ባለ ሻንጣ ውስጥ አይቀመጥም፤ ሙቀት ያበላሸዋል።

7. ማርሚታ ካቃጠለ

ወዲያውኑ ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ቡና አይቀባም። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ። በንጹህ ጨርቅ ሸፍናችሁ ጤና ጣቢያ አሳዩት። የስኳር ህመምተኛ ከሆነ ቃጠሎው ትንሽ ቢመስልም አትዘግዩ።

ከወደቃችሁ በኋላ ደግሞ ማስታወክ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ የእግር መደንዘዝ ወይም ሽንት መያዝ ካለ በአስቸኳይ ሆስፒታል ሂዱ። ነፍሰ ጡር ከወደቀች ቁስል ባይኖራትም መታየት አለባት፤ የእንግዴ ልጁ ያለ ጊዜው ሊላቀቅ ይችላል።

በመጨረሻም፦ አብዛኛው ነገር ብዙ ወጪ የለውም። የጎማ ነፋስ፣ የታሰረ ነጠላ፣ አንድ ድንጋይ፣ ትንሽ ትዕግስት። ለገና ወደ ላሊበላ ወላጆቹን በሞተር ይዞ የሚመጣ፣ ወይም እናቱን ከገጠር ለቀጠሮ የሚያመላልስ ወንድም እህት ካላችሁ ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።

መንገዳችሁ የሰላም ይሁን! ቀጠሮ አትቅሩ!