«ይሻላል» እና «ሃድ ቤተር» አንድ አይደሉም



ከመካከላችን አንዱ ወንድም ለመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪው በእንግሊዝኛ መልእክት ላከ። ሊል የፈለገው «ቀኑ ትንሽ ቢራዘምልኝ ይሻላል» ነበር። የጻፈው ግን «ዩ ሃድ ቤተር ኤክስቴንድ ዘ ዴት» ሆነ። ምን እንዳጠፋ የገባው መምህሩ ጠርተውት «እያስፈራራኸኝ ነው?» ሲሉት ነው።

«ሃድ ቤተር» ሲያዩት «ይሻላል» ይመስላል፤ ከጀርባው ግን «አለበለዚያ ውርድ ከራሴ» የሚል ነገር አለ። የመርሳ መኪና ከወልድያ መናኸሪያ ሊነሳ ሲል ለሚንቀራፈፍ ጓደኛችን «ዩ ሃድ ቤተር ሀሪ» ብንለው ልክ ነው። ለመምህር ወይም ለኡስታዝ ግን አይሆንም።

የስህተቱ ሥር አማርኛችን ነው። እኛ አክብሮትን ግሱ ላይ እናሳድራለን፤ «ብትመጣ» የነበረውን «ቢመጡ» ካልን አንቱታው ተፈጸመ። እንግሊዝኛ ግን ለሕፃኑም ለሸኹም «ዩ» ነው። ስለዚህ አክብሮቱን ከሚያስቀምጥባቸው ቦታዎች ዋናው ሞዳል ቨርቡ ነው። «ኩድ»፣ «ዉድ» እና «ማይት» የኃላፊ ጊዜ መልክ ስላላቸው ነገሩን ትንሽ ያርቁታል፤ ከ«ካን»፣ ከ«ዊል» እና ከ«ሜይ» የሚለዝቡትም ለዚህ ነው። ወንድማችን «ኩድ ዩ ፕሊዝ ጊቭ ሚ ዋን ሞር ዊክ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ አንቱ ማለቱ ነበር።

መድረሳ የቀራን ሰዎች ደረጃዎቹን ለመያዝ ብዙ አንቸገርም። «መስት» ወደ ዋጂብ፣ «ሹድ» ወደ ሙስተሐብ፣ «ኩድ» ወደ ሙባሕ ይጠጋል። «ዩ ሹድ ሲ ኤ ዶክተር» ማለት ሐኪም ብታይ ይበጅሃል ነው። «ዩ ኩድ አስክ ዘ ላይብረሪያን» ደግሞ አንዱ መንገድ ይሄ ነው፣ ካልፈለግህ ተወው ነው። የምሕንድስና ተማሪዎች ይህን በስታንዳርድ ሰነዶች ውስጥም እናገኘዋለን፦ በአይ ኤስ ኦ ሰነድ «ሻል» ግዴታ፣ «ሹድ» ምክር፣ «ሜይ» ፈቃድ ነው። መርሳ ካምፓስ ያላችሁ የግብርና ተማሪዎችም የሀብሩን ገበሬ ጠይቃችሁ ስትጽፉ የምክረ ሐሳቡን ምዕራፍ በ«ፋርመርስ መስት» አትሙሉት። (ዕድሜውን ሙሉ ማሽላ ሲያበቅል የኖረን ሰው እንዲህ የምናዝ እኛ ማን ነን?) «ሹድ» ይበቃል።

ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አያስኬድም። አንድ ሰው «ዩ መስት ካም ፎር ኢፍጣር» ቢለን ግዴታ አልጣለብንም፤ ወሎዬ «ወላሂ ሳትበላ አትሄድም» እንደሚለው ነው። ለደረሳ ይህም አዲስ አይደለም። ሱረቱል ማኢዳ 2ኛው አንቀጽ ላይ ከኢሕራም ለወጣ ሰው ስለ አደን የተነገረው በትእዛዝ ግስ ነው፤ ዑለማዎች ግን የተረዱት ተፈቀደ በሚል ነው። መልኩ ትእዛዝ፣ ፍቺው ፈቃድ።

ሰዋስዉ ቀላል ነው፤ ከሞዳሉ በኋላ ግሱ ራቁቱን ይመጣል። «ሂ ሹድ ጎ» እንላለን እንጂ «ሂ ሹድ ቱ ጎ» ወይም «ሂ ሹድ ጎዝ» አንልም። «ቱ» የሚያስከትለው «ኦውት ቱ» ነው። «አይ አድቫይዝ ዩ ቱ ጎ» ልክ ሲሆን «አይ ሰጀስት ዩ ቱ ጎ» ስህተት ነው፤ «አይ ሰጀስት ዛት ዩ ጎ» በሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ፈተና ለወደቀ ወንድም «ዩ ሹድ ሃቭ ስተዲድ» ማለት ነሲሓ አይደለም፤ ያለፈውን መውቀስ ነው። ሙሳና ሃሩን ወደ ፊርዐውን ሲላኩ እንኳ በለዘብታ እንዲናገሩት መታዘዛቸው ሱረቱ ጣሃ ላይ አለ። የዶርም ጓደኛችን ከፊርዐውን አይብስም። «ዋይ ዶንት ዊ ስተዲ ቱጌዘር?» ብንለውስ?

ለልምምድ እነዚህን ወደ እንግሊዝኛ መልሱና ከዐስር ሶላት በኋላ ስንገናኝ አምጧቸው፦ ለፈጅር ለማይነሳ የዶርም ጓደኛ «ዛሬ በጊዜ ብትተኛስ?»፤ ለአማካሪ መምህር «ርዕሱ ቢጠብ ይሻላል ብዬ አስባለሁ»፤ ከሀብሩ ሊጠይቋችሁ ለመጡ አጎት «ጋሼ፣ መሽቷል፤ ዛሬ ባይሄዱ ይሻላል»።