የሶልኖክ ነዳጅ ቆፋሪዎች የቅርጫት ኳስ ክለብ

የአንድን ክለብ ታሪክ ስናጠና አስቀድመን ስሙን መመርመር ይገባናል። በሀንጋሪ፣ ከቡዳፔስት በስተ ምሥራቅ፣ በቲሳ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሶልኖክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው የወንዶች ቅርጫት ኳስ ክለብ ለብዙ ዘመን «ኦላይባኛስ» ሲባል ኖሯል፤ ይኸውም ነዳጅ ዘይት ቆፋሪ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ዋንጫውን በብዛት የሚወስዱት የዋና ከተማው ክለቦች፣ ይልቁንም የሠራዊቱ ክለብ ሆንቬድ ነበሩ። ለውትድርና የደረሰውን ጎበዝ ተጫዋች ጠርቶ ሊያሰልፍ የሚችለውን ክለብ የቆፋሪዎች ክለብ በምን ይቋቋመዋል? ሶልኖክ የመጀመሪያውን የአገር ሻምፒዮንነት ያገኘው በ1991፣ ማለት ከ32 ዓመት በኋላ ነው። ከ2011 እስከ 2018 ግን ስድስት ጊዜ አሸነፈ። በነዚህ ዓመታት ከተሰለፉት መካከል የውጭ አገር ሰዎች ነበሩበት፤ «ኦላይ» የሚለው ስም ግን አልቀረም።