የቍጣ ልጓም

ማጀቴ በሰሜን ሸዋ ካሉ ከተሞች አንዲቱ ናት። በአካባቢዋ ጤፍና ማሽላ ይዘራል። በገበያዋ አማራውና ኦሮሞው፥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ይገናኛል።

በገጠሩ ወንድ ልጅ ከብት መጠበቅ ሲጀምር በትር ይይዛል። በትሩ ከብት ለመመለስና አውሬ ለመከላከል ነው። ዳሩ ግን በቍጣ ጊዜ ሰው ይመቱበታል። ጠብ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በጥቂት ነገር ነው፤ ከብት ማሳ ገባ፥ ድንበር ተገፋ፥ የመስኖ ውሃ ያለ ተራ ተጠለፈ ይባላል። አንዱ ይሰድባል፥ ሌላው ይመታል። የተመታው ቢሞት ወገኑ ደሙን ሊመልስ ይነሣል፤ ገዳዩም ቤቱንና እርሻውን ጥሎ ይሸሻል። የጥቂት ጊዜ ቍጣ ለልጅ ልጅ ዕዳ ይሆናል።

ስለዚህ ነገር ሳይከፋ ሽማግሌዎች ይገባሉ። በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አስቀድሞ ተበዳይን፥ ቀጥሎ በዳይን ይሰማሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ለየብቻ ጠርተው ይመክሩአቸዋል። በዳይም ይክሳል፥ ይቅርታ ይጠይቃል፥ ዳግመኛ እንዳያጠፋ ዋስ ይጠራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሰዎች ክርክራቸውን በስምምነት እንዲጨርሱ ፈቅዶአል። ነፍስ ከጠፋ ግን የሚፈርደው ፍርድ ቤት ነው፤ እርቁ ቂሙን ያበርዳል።

ቀድሞ ተቈጪን ልጅ ብዙዎች በአርጩሜ ይገርፉት፥ በበርበሬ ጢስም ያጥኑት ነበር። ነገር ግን የተገረፈ ልጅ የሚማረው ብርቱ ደካማን እንደሚመታ ነው፤ ስለዚህ እርሱም ታናሹን ይመታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጎአል።

መልካም መካሪ አስቀድሞ ይሰማል። «ልጄ፥ ከመምታትህ በፊት ምን ተሰማህ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጁም «ጆሮዬ ጋለ፥ እጄም ተጨበጠ» ይላል። እንዲህ የቍጣውን መምጫ ያውቃል። ቀጥሎ መካሪው በክፉው ልማድ ፈንታ ሌላ ልማድ ይሰጠዋል፦ «በትርህን መሬት አስቀምጥ፤ ጥቂት ራቅ በል፤ ነገሩን ለታላቅህ ንገር» ይለዋል። ልጁ አንድ ቀን ታግሦ ሲያየውም ያመሰግነዋል።

ጠባይ በአንድ ቀን አይለወጥም። ወይፈን ከለመደ በሬ ጋር ተጠምዶ ቀንበርን ቀስ በቀስ ይለምዳል። ልጅም ከታጋሽ ሰው ጋር እየዋለ ራሱን መግዛት ይለምዳል። ጐልማሳም ቢሆን ምክር መጠየቅ አያሳፍረውም።

«ምከረው ምከረው፥ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። የመከራ ምክር ግን ዋጋው ሕይወት ሊሆን ይችላል፤ የሽማግሌ ምክር የሚጠይቀው ጆሮ ብቻ ነው።

ጥያቄ።
1. በትር ለምን ይያዛል?
2. የተገረፈ ልጅ ምን ይማራል?
3. ቍጣ ሲመጣ አስቀድሞ ምን ማድረግ ይገባል?