በገመድ ዛፍ ላይ መውጣት

ዘኬዎስ በኢያሪኮ ሾላ ላይ መውጣቱን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ተምረናል። ዛሬ ሰዎች ለመዝናናት፣ መሪ ይዘው፣ በገመድ ዛፍ ላይ እንደሚወጡስ ታውቃላችሁን? ይህን ልማድ በማኅበር ያደራጀው ፒተር ጄንኪንስ የተባለ የዛፍ ባለሙያ ነው፤ ይኸውም በ1983 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ አትላንታ ከተማ ነበር።

መጥረቢያ ባልነካው የኦሬጎን ጥንታዊ ደን ግን ነገሩ ይከብዳል። በዚያ ዳግላስ ፈር የሚባለው ዛፍ ከ60 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ዕድሜውም ከ500 ዓመት ሊያልፍ ይችላል። መሪው አስቀድሞ የደረቀ ቅርንጫፍ እንዳለ ከሥር ሆኖ ይመረምራል። ከዚያም ክብደት የታሰረበት ሲባጎ በጠንካራ ቅርንጫፍ ላይ ወርውሮ ያሻግርና በእርሱ ወፍራሙን ገመድ ይስባል። ወጪው ወገቡንና ጭኑን ታጥቆ በገመዱ ይወጣል እንጂ ግንዱን አይቧጥጥም። ቋጠሮው ክብደት ሲያርፍበት ገመዱን ነክሶ ይይዛል፤ ሲላላ ይንሸራተታል።

ለእኔ ከዘዴው ይልቅ ደስ ያለኝ የሕጉ ጥብቅነት ነው። ጫማ ላይ የሚታሰር የብረት ሹል ክልክል ነው፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ሕያው ክፍል አቁስሎ ለበሽታ በር ይከፍታልና። (ለእንጨት ይህን ያህል ጥንቃቄ! የሚል አይጠፋም።) ከላይ በቅርንጫፎቹ ላይ ደግሞ ሎባሪያ የሚባል፣ ቅጠል የሚመስል ሽበት ይበቅላል። ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳል፤ ረግፎ ሲበሰብስም አፈሩን ያዳብራል። መልሶ ለመልማት ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ ቸልተኛ እግር ግን በደቂቃ ይጠርገዋል።

በምድር የቆመ ሰውም ያጠፋል። በካሊፎርኒያ ሃይፐሪየን የተባለው፣ ከ115 ሜትር የሚበልጠው ዛፍ በ2006 እ.ኤ.አ. ከታወቀ በኋላ ጎብኚ ያለ መንገድ እየጎረፈ ሥሩን ረገጠው፤ በዙሪያው የነበረውም ፈርን ጠፋ። በ2022 ስፍራው ተዘጋ፤ ጥሶ የሚገባ እስከ 6 ወር እስራትና እስከ 5000 ዶላር መቀጫ ሊደርስበት ይችላል።